የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ኮራሎቹ ወደ ሰሜን እንዴት ተመለሱ?

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ነው የከረመው። ባለፉት ዓመታት በየወሩ አዲስ ርዕስ እናነሣ ነበር፤ ትንሽ ስለ ኤሌክትሪክ፣ ትንሽ ስለ ፕላኔቶች፣ ትንሽ ስለ ዕፅዋት። ዘንድሮ ግን አባላቱ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ነገር ይዘው እስከ ጥጉ ለመሄድ ተስማሙ። የመረጡትም ብርሃን በማይደርስበት ባሕር ውስጥ የሚኖረውን ኮራል ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ የበረዶው ዘመን ከሰሜኑ ባሕር ካስወጣቸው በኋላ እነዚህ ኮራሎች ተመልሰው እዚያ የደረሱት በምን መንገድ ነው?

ኮራል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ሞቃትና ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ ያለውን ባለ ብዙ ቀለሙን ነው። እሱ በሰውነቱ ውስጥ ከሚያስጠልላቸው ደቂቅ አልጌዎች ምግብ ያገኛል፤ አልጌዎቹም ያለ ፀሐይ አይኖሩም። የጥልቅ ባሕሩ ኮራል እንዲህ ያለ ባልንጀራ የለውም። በዋናነት ያጠናነው ዝርያ ለረጅም ጊዜ ሎፌሊያ ሲባል የኖረው፣ አሁን ዴስሞፊለም ፐርቱሰም የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 1,000 ሜትር ጥልቀት፣ ሙቀቱ ከ4 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ ይገኛል። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ጅረቱ የሚያመጣለትን ፕላንክተንና ከላይ የሚረግፈውን ብስባሽ እየያዘ ይበላል። ቅርንጫፉ በዓመት የሚያድገው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ሆኖም አዲሱ በሞተው ላይ እየበቀለ ሲደራረብ የሚደርስበት መጠን ያስደንቃል፤ በኖርዌይ ሎፎተን ደሴቶች አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው የሮስት ሪፍ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል።

የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እጅግ የበረታው ከዛሬ 21,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ ዛሬ ኮራል ያለባቸው የኖርዌይ ፊዮርዶች (ወደ የብስ ዘልቀው የሚገቡ ጠባብና ጥልቅ የባሕር ክንዶች) በግግር በረዶ ሥር ነበሩ፤ የባሕር ጠለልም ከዛሬው በ120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ቁጥር በቃል መያዝና በዓይን ማየት ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ልጆቹ ወረቀት እየቀጣጠሉ 20 ሜትር የሚረዝም ጥቅልል ሠርተው በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ዘረጉት። በላዩ ላይ 1 ዓመት 1 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ የ16 ዓመት ተማሪ ዕድሜ ከአውራ ጣት ስፋት አይበልጥም። የበረዶው ዘመን የመጨረሻ ቅዝቃዜ ያበቃበትን፣ ከዛሬ 11,700 ዓመት በፊት ያለውን ቦታ በሰማያዊ አሰመሩበት። ቀጥለው ከአርክቲክ ክበብ በላይ በሰሜን ኖርዌይ ከተገኙት የኮራል ቁርጥራጮች ጥንታዊውን፣ የ10,900 ዓመት ገደማውን፣ በቀይ አመለከቱ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ልጆቹ ዝም ብለው የቆሙት እዚህ ጋ ነበር። ከቦታው ንቅንቅ የማይል እንስሳ፣ በረዶው በሸሸ በ800 ዓመት ውስጥ እዚያ ድረስ እንዴት ሄደ?

ዕድሜው የታወቀበትን ዘዴ ሳንረዳ ወደ መልሱ አላለፍንም። ኮራል አጽሙን ሲሠራ ከባሕር ውሃ ጥቂት ዩራኒየም አብሮ ይወስዳል። ቶሪየም ግን በውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ሕያው ኮራል ውስጥ ከሞላ ጎደል አይገኝም። ከዚያ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት እየተለወጠ ቶሪየም ያጠራቅማል፤ የሁለቱ ምጣኔ ተለክቶ ዕድሜው ይሰላል። የ11ኛ ክፍል አባላት ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለታናናሾቻቸው ያስረዱበት ከሰዓት በኋላ ለእኔ ከዓመቱ ምርጥ ሰዓታት አንዱ ነው። በዚህ ዘዴ የሚደረስበት ግማሽ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ኮራልና ደለል ሲደራረቡ ለተፈጠሩት ጥንታዊ ክምሮች ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ የሚገኘው፣ 155 ሜትር ከፍታ ያለው የቻሌንጀር ክምር እ.ኤ.አ. በ2005 እስከ ሥሩ ሲቆፈር ዕድሜው ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። በውስጡም ኮራልና ደለል ተደራርበው፣ በመካከላቸው ምንም ያልተጨመረባቸው ረጃጅም ክፍተቶች ነበሩ። ኮራሎቹ የሄዱትና የተመለሱት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ያን ዕድሜ በጥቅልላችን እንለካ ብንል ከ2.6 ኪሎ ሜትር በላይ ወረቀት ይፈልጋል።

ታዲያ በረዶው ሲበረታ የት ነበሩ? መልሱ ደቡብ ነው። ከስፔን ደቡብ ምዕራብ ባለው በካዲዝ ባሕረ ሰላጤና ከሞሪታኒያ ዳርቻ ባሻገር ያሉ የኮራል ክምሮች በበረዶው ዘመን ያድጉ እንደነበር ከውስጣቸው የተወሰዱት ናሙናዎች ያሳያሉ። ደቡቦቹ የተዳከሙት ደግሞ የሰሜኑ በር በተከፈተበት ዘመን አካባቢ ነው። የክበቡ ጸሐፊ ይህን በካርታው ላይ ስታስቀምጥ ኮራል ያለበትን የሚያመለክቱት አረንጓዴ ነጥቦች ከታች እየጠፉ ከላይ መታየት ጀመሩ። የካርታውን አንድ ጫፍ ብቻ ያየ ሰው ኮራሎቹ አለቁ ወይም አዲስ ተፈጠሩ ብሎ ይደመድም ነበር።

የሚጓዘው እጭ የሚባለው የኮራሉ ግልገል ነው። እንቁላሉ 0.16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከእሱ የሚወጣው እጭ በጥቃቅን ፀጉሮቹ እየቀዘፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለመቀመጥ ብቁ እስኪሆን ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይፈጅበታል። በቤተ ሙከራ እስከ አንድ ዓመት የቆዩም አሉ። ልጆቹ ስሌቱን ራሳቸው ሠሩት። ጅረቱ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ በቀን 8.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በ5 ሳምንት ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከካዲዝ እስከ ሰሜን ኖርዌይ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቢያንስ ደርዘን ያህል ማረፊያ ያስፈልጋል። በየማረፊያው እጩ ተቀምጦ፣ አድጎ፣ ለአካለ መጠን ደርሶ ሌላ እጭ መልቀቅ አለበት። 800 ዓመት ለዚህ ይበቃል፤ ግን መንገዱ ካልተቋረጠ ነው።

መንገዱን ለማየት የቤተ ሙከራ ባለሙያችን የመስታወት ገንዳ አዋሱን። ከሥሩ በጣም ጨዋማ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከላዩ ንጹሕ ውሃ አደረግንበት። ከዚያ ለብ ያለ፣ ጨዉ መካከለኛ የሆነ፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀለመ ውሃ በአንድ ጎን ባዘነበልነው ሰሌዳ ላይ በቀስታ ለቀቅን። ሰማያዊው ውሃ ሰሌዳውን ተከትሎ ወረደ፤ ሁሉም እስከ ታች ይሄዳል ብለው ሲጠብቁ ግን መሐል ላይ ቆመና እንደ ቀጭን ምንጣፍ ወደ ጎን ተዘረጋ። የሜዲትራኒያን ውሃም ከጂብራልታር ወጥቶ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከአትላንቲክ ውሃ ይልቅ ሞቃት ቢሆንም ጨዋማነቱ ስለሚያከብደው ይሰምጣል፤ እየሰመጠ ከአካባቢው ውሃ ጋር ይቀላቀልና ወደ 1,000 ሜትር ጥልቀት ሲደርስ ክብደቱ ይመጣጠናል። ከዚያ የፖርቱጋልን ዳርቻ ይዞ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ኮራሎቹ ከሜዲትራኒያን በዚህ ጅረት ወጡ የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዘረመል ጥናት ሎፌሊያና ጎረቤቱ ማድሬፖራ ኦኩላታ የተመለሱበት መንገድ አንድ እንዳልነበረ አሳይቷል። ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ዝርያዎች ታሪካቸው የተለያየ መሆኑ ልጆቹን ከምንም በላይ ነው የማረካቸው።

እጭ ደግሞ ጭቃ ላይ አይበቅልም፤ ጠንካራ ነገር ይፈልጋል። በኖርዌይ የሱላ ሸንተረር ይህን ያዘጋጀው በረዶው ራሱ ነው። ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ሥራቸው የባሕሩን ወለል እያረሰ ሲያልፍ በትልሙ ግራና ቀኝ ጠጠርና ድንጋይ ከመሩ። ኮራሎቹ መጥተው የተቀመጡት በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ ስፍራ ወለል የሚጎትት መረብ ከለከለች፤ በጣም ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ሺህ ዓመታት የፈጀውን መረቡ በአንድ ጉተታ ይሰባብረዋልና።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር "ሙቀት ነው ወይስ ምግብ?" የሚለው ነበር። የሙቀቱ ወገን ውሃው ሳይሞቅ አይመለሱም አለ። የምግቡ ወገን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ይዞ ቀረበ። ጥናቱ በሰሜን አትላንቲክና በሜዲትራኒያን 6 ቦታዎች ላይ ያለፉትን 20,000 ዓመታት መርምሮ፣ ለኮራሎቹ መኖርና መጥፋት ከሙቀት ይልቅ የምግብ አቅርቦትና ኦክስጂን ወሳኝ እንደነበሩ ይናገራል። እኔም ወደዚህ ወገን አደላለሁ፤ ያለ ብርቱ ጅረት ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ኮራል ይራባልና። በወላጆች ቀን ጥቅልሉንና ገንዳውን አቅርበን ብዙ ጎብኚ አስተናግደናል።

በመጨረሻው ስብሰባ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል ያነሣችውን ለመጪው ዓመት አስተላልፈናል። የሞሪታኒያ ክምሮች የተዳከሙት ኦክስጂን ስላነሰ ነው ይባላል። ከአንጎላ ባሻገር ግን ኦክስጂን እጅግ ባነሰበት ውሃ ውስጥ ኮራሎች በሕይወት ተገኝተዋል። ተመራማሪዎች የምግቡ ብዛት ጉድለቱን ሳያካክስላቸው አልቀረም ይላሉ። እሷ የጠየቀችው፣ ይህ ከሆነ ሞሪታኒያ ላይ ያው ምግብ ለምን አልበቃም የሚለውን ነው። አዲሱ የክበቡ ሰብሳቢ ጥያቄውን በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎታል፤ የሁለቱን ባሕሮች ካርታ ማዘጋጀትም ለ9ኛ ክፍል አባላት ተሰጥቷል።