የኮንዶሚኒየም ሽቦ ለማይኒንግ አልተዘረጋም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ቢትኮይን ማይኒንግ፣ ማለትም ማሽን ቀን ከሌሊት እያሰላ ቢትኮይን የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ስለሚያስገኝበት ሥራ፣ የሚጻፈውን ሁሉ እከታተላለሁ። የሚጻፈው ስለ ትልልቆቹ ነው። ኮንቴይነር ሙሉ ማሽን ሰብስቴሽን አጠገብ ደርድረው፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዶላር ኤሌክትሪክ ስለሚገዙት ኩባንያዎች። የእነሱ ክርክር ይቀጥል። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላኛው ማይነር፣ ስለ ቤቱ ማሽን ነው። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም ቁም ሣጥን ጎን ተቀምጦ ቀን ከሌሊት ስለሚጮኸው።

ሥራዬ የቤት ውስጥ መስመር ዝርጋታና ጥገና ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የሚጠሩኝ ለምጣድ፣ ለቦይለርና ለተቃጠለ ሶኬት ነበር። አሁን ስልክ የሚደውሉት ወጣቶች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ “አምፔሩን ማሳደግ ትችላለህ?” ብለው ነው። ገና “ለምኑ?” ሳልል ይገባኛል።

በብዛት ያገለገለ ሆኖ የሚሸጠው ማሽን አንትማይነር ኤስ19 የሚባለው ነው። 3,250 ዋት ይበላል። ከእሱ በኋላ የመጣው ኤስ21 ደግሞ 3,500 ዋት። ይህ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድም እዚያው አካባቢ ነው። ልጆቹም ይህን ያውቃሉ። “ምጣድ የቻለ ቤት ይህን እንዴት ያቅተዋል?” ይሉኛል።

ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ምጣድ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል። ሽቦው ይሞቃል፣ ሊጡ ሲያልቅ ይበርዳል። ማይነሩ ሊጡ የማያልቅ ምጣድ ነው። ሽቦው የሚበርድበት ሰዓት የለውም። በዚያ ላይ ምጣድ በደንብ በተሠራ ቤት ውስጥ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር አለው። ማይነሩ ግን የሚሰካው መኝታ ቤት ሶኬት ላይ ነው። ያ ሶኬት ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ ነው፣ ብሬከሩም 16 አምፔር ነው። ከዚያው መስመር ላይ ቴሌቪዥኑም፣ የስልክ ቻርጀሩም፣ አንዳንዴ ፍሪጁም አለ።

3,250 ዋትን ለ220 ቮልት ብናካፍል 14.8 አምፔር ይመጣል። 16 ላይ ያልደረሰ ይመስላል። ነገር ግን ሰዓታት ሳያቋርጥ ለሚሠራ ጭነት ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶውን ባያልፍ ነው የሚመከረው። ያ ማለት 12.8 አምፔር ነው። ገና ስንጀምር አልፈነዋል።

ከዚህ የባሰው ኃይል የሚቀንስበት ሰዓት ነው። ማታ ሁሉም ሰው ሲገባ ቮልቴጁ 200 ይሆናል። ምጣድ ኃይል ሲቀንስ እሱም ይደክማል። የሚስበው አምፔር ይወርዳል፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። የማይነሩ ፓወር ሰፕላይ ግን እንደዚያ አይደለም። የሚፈልገውን ዋት ለመሙላት ተጨማሪ አምፔር ይስባል። 200 ቮልት ላይ 16.25 ይሆናል። ማለትም መስመሩ በተዳከመበት ሰዓት እሱ ይበረታል። ከ200 በታች ሲወርድ ከተሠራበት መጠን ውጭ ነው፤ ሲጠፋና ሲነሳ ያድራል።

ባለፈው ክረምት ሰሚት አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ሳልጨርስ ድምፁ ይሰማኝ ጀመር። የአምራቹ ወረቀት 75 ዴሲቤል ይላል። ቫኩም ክሊነር ተከፍቶ ተረስቶ የቀረ ይመስላል። ልጁ በሩን ከፍቶ “ጋሼ፣ ይሄ ብሬከር አስቸገረኝ፣ በየሰዓቱ ይወርዳል። በ32 ቀይርልኝ” አለኝ። ማሽኑ ሁለት የኃይል ገመድ አለው። ሁለቱም አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። ማከፋፈያው ላይ 10 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። በእጄ ስነካው መያዝ አልቻልኩም። ኃይሉን አጥፍቼ ሶኬቱን ፈታሁት። ነጩ ፕላስቲክ ቡና መስሏል፣ የሽቦው ልባስ ስነካው እየተሰባበረ ይረግፋል። አንዱ ብሎን ላልቷል። እሳት የሚነሳው ከዚህ ነው። መሐል ላይ ካለው ሽቦ ይልቅ መጋጠሚያው ላይ።

ብሬከሩ ሥራውን እየሠራ ነበር። ብሬከር የሚጠብቀው ማሽኑን አይደለም፣ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። 32 አምፔር ብሬከር ባለ 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ ማሰር ማለት ሽቦው እየነደደ ብሬከሩ ዝም እንዲል ማድረግ ነው። “ወንድሜ፣ ይህን አላደርግም። ከፈለግህ ከቆጣሪው ሥር አዲስ መስመር ልሳብልህ” አልኩት። ዋጋውን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ሰው እንደሚያመጣ ነገረኝ። ሳያመጣ አይቀርም።

ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉ አንዲት እናት አስቆሙኝ። “ልጄ፣ አንተ የመብራት ሰው አይደለህ? ፍሪጄ ማታ ማታ እያጓራ አልነሳ ይላል፣ ምን ሆኖ ነው?” አሉኝ። ምን ልበላቸው? የሕንፃው መስመር የጋራ ነው። ትራንስፎርመሩም የጋራ ነው። ያንን ትራንስፎርመር የመረጠው መሐንዲስ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ምጣድ አይሰካም ብሎ አስቦ ነው። ልክም ነው። ያ ግምት የሚፈርሰው በዓመት ጥቂት ቀን፣ በበዓል ዋዜማ ነው። የበዓል ዋዜማ መብራት ለምን እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል። አንድ ብሎክ ላይ አምስት ቤት ማይነር ቢያስገባ፣ ያ ብሎክ ዓመቱን ሙሉ ዋዜማ ላይ ነው።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። የማሽን ሻጮቹ ትርፉን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ይዋሻሉ ማለት አልችልም። አንድ ኤስ19 በቀን 78፣ በወር 2,340 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ገቢው ደግሞ እንዲህ ነው። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ ብሎክ (ማሽኖቹ በአሥር ደቂቃ ገደማ አንዴ ለሚመዘግቡት የግብይት ጥቅል) የሚሰጠው 3.125 ቢትኮይን ነው፤ በቀን በዓለም ደረጃ ወደ 450 ቢትኮይን ማለት ነው። ይህን የሚካፈሉት ማሽኖች ጠቅላላ የማስላት አቅም በ2018 ዓ.ም. መግቢያ 1,000 ኤክሳሃሽ፣ ማለትም አንድ ቢሊዮን ቴራሃሽ አካባቢ ደርሷል። የእኛ ልጅ ማሽን 95 ቴራሃሽ ነው። ለሒሳብ ያህል ቢትኮይኑን 100,000 ዶላር፣ ዶላሩን 150 ብር ብንይዝ፣ በወር ወደ 128 ዶላር፣ 19,200 ብር ገደማ ይደርሰዋል። እስከ መስከረም 2017 ድረስ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ቤት ታሪፉ 2.48 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ የመብራቱ ወጪ 5,800 ብር ብቻ ነው። ያዋጣል!

ለምን እንዳዋጣ ግን እንመልከት። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ሲንሳፈፍ ዶላሩ በጥቂት ሳምንት ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 አለፈ። የቤት ታሪፍ ያኔ አልተነካም ነበር። ስለዚህ 2.48 ብር ከሁለት ሳንቲም ተኩል የአሜሪካ ገንዘብ በታች ወረደ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በዶላር እንደሚከፍሉት ሲዘገብ የነበረው 3.14 ሳንቲም ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ልጅ ከኩባንያው በርካሽ ኤሌክትሪክ አገኘ ማለት ነው። ይህ ቅናሽ የተሰጠው ለእሱ ማሽን አልነበረም። ለእንጀራ፣ ለአምፖል፣ ለልጆች ማጥኛ ነበር። ማይነሩ ትርፍ ብሎ የጠራውን ነገር ከአየር አልፈጠረም፣ ከጋራ ኪስ ነው የወሰደው።

ያም ጊዜ እያለፈ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። አንድ ብር በጨመረ ቁጥር የማይነሩ ወርኃዊ ቢል 2,340 ብር ይጨምራል። 6 ብር ላይ ቢሉ 14,040 ብር ነው። 8 ብር ከ20 ሳንቲም ሲደርስ ገቢውን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። በዚህ ላይ የማሽኑን ዋጋ፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትና መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ አልደመርኩም። ቢትኮይኑ 70,000 ዶላር ቢወርድስ? ገቢው 13,000 ብር ገደማ ይሆናል። በ6 ብር ታሪፍ እንኳ አይሸፍንም።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጭ ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም። የኤስ19 መመሪያ ማሽኑ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ነው የሚለው። ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚችለው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ አትታለሉ፤ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያነሳም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የቤት ኤሌክትሪክ በመንግሥት ድጎማ በረከሰበት አገር ሁሉ የታየ ነው። ኩዌት ውስጥ አል ዋፍራ በተባለ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 100 የሚጠጉ ቤቶች በማይኒንግ ተጠረጠሩ። አንዳንዶቹ የተለመደውን ቤት 20 እጥፍ ይፈጁ ነበር። ዘመቻ ሲደረግ የአካባቢው ፍጆታ በ55 በመቶ ወረደ። ኢራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተሞቿ በጨለማ ሲቸገሩ ማይኒንግን ለአራት ወር አገደች። እነዚህ ነዳጅና ጋዝ የተትረፈረፈላቸው አገሮች ናቸው።

እኔ ዘመቻ ይካሄድ እያልኩ አይደለም። በየቤቱ በር እያንኳኩ ማሽን መውረስ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን (እንደ ቢትኮይን ያለውን ዲጂታል ገንዘብ) ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም በ2017 መጨረሻ ለአዲስ ማይነር ኩባንያዎች ኃይል መስጠት ማቆሙን ተናግሯል። ለኩባንያ የተዘጋ በር ካለ ግፊቱ ወደ ቤት መስመር መዞሩ አይቀርም። የስቱዲዮ ቤት ቆጣሪ በወር ከ2,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲያነብ ቢሉ ላይ ይታያል። ያንን ቁጥር የሚያይ ሰው ቢሮ ውስጥ አለ። አንድ ቴክኒሽያን ልኮ መስመሩን ማስፈተሽ፣ ከዚያም ባለቤቱን “ወይ በሌላ ታሪፍ በራስህ መስመር፣ ወይ አጥፋው” ማለት ይቻላል። የሕንፃ ኮሚቴዎችም የጋራ መስመሩ የእነሱ መሆኑን ይወቁት።

ምንም ብነግረው የማይተው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእሱ የምለው አጭር ነው። ከዋናው ብሬከር የተነሳ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ካሬ ቢያንስ፣ ባለ 6 ቢሆን ይመረጣል። 25 አምፔር ብሬከር። የተፈተሸ ግራውንድ (የመሬት መስመር)። ማከፋፈያ በፍጹም የለም። አንድ ማሽን ብቻ፤ በምሠራባቸው ኮንዶሚኒየሞች ዋናው ብሬከር ብዙ ጊዜ 32 አምፔር ስለሆነ ሁለት ማሽን ላይ ምድጃ ሲጨመር ቤቱ ይጨልማል። በሦስተኛው ቀን ሶኬቱንና ብሎኖቹን አጥፍቶ መፈተሽ፣ ከዚያ በየወሩ።

እናንተም ስለ ማይኒንግ ገቢ በምታወጡት ጽሑፍ ውስጥ የሽቦና የብሬከር ጉዳይ አንድ አንቀጽ ይኑረው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ቤቱ ውስጥ ከፍተኛ ጭነት ማስገባት የሚፈልግ ሰው ወደ የትኛው ቢሮ ሄዶ፣ ምን ቅጽ ሞልቶ፣ በየትኛው ታሪፍ እንደሚስተናገድ በገጻችሁ ቢያስረዳን ደንበኞቼን የምልክበት ቦታ አገኝ ነበር። እስካሁን የምልካቸው ወደ ራሴ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ