ለደንበኞቻችን፦ ስለ ደጋን ፍተሻው

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቀስት መወርወሪያ ቤታችን በጀመርነው የደጋን ፍተሻ ሰሞኑን እንደተቀየማችሁብን አውቃለሁ። «ቤቴ ያስተካከልኩትን ደጋን ሳይፈተሽ አትወረውርበትም ተባልኩ፤ ጭራሽ 150 ብር ክፈል አሉኝ» ያላችሁትን ሰምቻለሁ። ከዘጌ በጀልባ መጥቶ አንድ ቀስት እንኳ ሳይወረውር የተመለሰ ወንድማችንም አለ። በር ላይ ወረቀት ከመለጠፌ በፊት በአፌ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። ለዚህ ይቅርታ። ውሳኔው ግን ይጸናል። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ከወር በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አንድ ልጅ የደጋኑን ጅማት ቤቱ አግብቶ፣ ማለትም ደጋኑን አጥፎ ጅማቱን ጫፎቹ ላይ አስገብቶ መጣ። ደጋኑን ለማጠፍ የሚረዳው ማግቢያ ገመድ ስላልነበረው እግሩን በደጋኑና በጅማቱ መካከል አሳልፎ፣ ጭኑ ላይ ደግፎ ነበር ያጠፈው። ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ታደርጋላችሁ። እንደዚያ ሲታጠፍ ክንፉ፣ ከእጀታው በላይና በታች ያለው የሚታጠፈው ክፍል፣ ሊጠመዘዝ ይችላል፣ ጅማቱም ቦታውን ይስታል። የጅማቱ የታችኛው ቀለበት ክንፉ ጫፍ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ የገባው በግማሽ ብቻ ነበር። ሦስት ሜትር ርቄ ቆሜ አላየሁትም። ልጁ ስቦ ስቦ ሊለቅ ሲል ጅማቱ ተፈናጠረ። ክንዱ ላይ ጣት የሚያህል ሰንበር ወጣ። ክንፉ ተሰነጠቀ። አጠገቡ የነበረችው ልጅ ዓይኗን ይዛ ስትጮህ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚለው ነገር በጣም ነው ያሳዘነኝ። ይህን ቤት በ2009 በሁለት ደጋን ስጀምር አብራችሁኝ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ለዓመታት ጅማት ስቀባ፣ ስቀይር፣ ቀስት የሚሰካበትን ምልክት ሳስር ሳንቲም አልጠየቅኩም። የሐይቁ እንግዳ ሲቀንስ እንኳ በሩን አልዘጋሁም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን የምንዛሪው ነገር እናንተም የምታውቁት ነው። ጅማትም፣ የቀስት ላባም፣ ክንፍም ከውጭ ነው የሚመጣው። በዱሮ ዋጋ የገዛሁት አልቋል። 150 ብሩ በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ለተማሪ ግማሹ። ጅማት ከተቀየረ በገዛሁበት ዋጋ ነው፣ ትርፍ አልጨምርም።

ደጋናችሁን ቤት አትንኩ እያልኩ አይደለም። እንዲያውም መንከባከቡን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። ሥራ ስትጨርስ መጀመሪያ ጅማቱን ታላላለች፣ ከዚያ ነው ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው። እኔ ልጅ ሆኜ ሳላላው ብሰቅለው «እንጨቱም እንደ ሰው ይደክመዋል» ብላ ትቆጣኝ ነበር። የእናንተም የእንጨት ክንፍ ያለው ደጋን እንዲሁ ነው። ስትጨርሱ ጅማቱን ፍቱት። በሚያዝያ ፀሐይ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ክንፉን ያጣበቀውን ሙጫ ያላቅቀዋል። ቀስት ሳይኖርበት ስባችሁ አትልቀቁ። ቀስቱ ይዞት የሚሄደው ጉልበት መውጫ ሲያጣ ደጋኑን ነው የሚሰብረው።

ጅማቱ ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ሰም ይፈልጋል። ጎጃም ተቀምጦ ሰም አጣሁ የሚል የለም። ንጹሕ የንብ ሰም በቀጭኑ ቀብታችሁ በጣታችሁ እሹት፣ ሙቀቱ ያስገባዋል። መሀል ላይ በክር የተጠመጠመውን ግን አትቀቡት። ከዚያ ከእጀታው ጥልቅ ቦታ እስከ ጅማቱ ለኩ። ለ68 ኢንች ደጋን 22 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ ጅማት ስለሚሳሳብ ልኩ ይወርዳል። ሲወርድ ጅማቱን አውልቃችሁ በተጠመዘዘበት አቅጣጫ ጥቂት ዙር ጨምሩ። የካርቦን ቀስታችሁን ደግሞ ከመወርወራችሁ በፊት በቀስታ አጠፍ እያደረጋችሁ ጆሯችሁን ስጡት። «ጭር» ካለ ጣሉት። ሲሰበር እጅ ውስጥ ነው የሚገባው።

ይህን ሁሉ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቤት የማይሠራው የመጨረሻው ማስተካከያ ነው። ላባ ያለውንና የሌለውን ቀስት በ18 ሜትር አብሮ መወርወር ይጠይቃል። ላባ የሌለው ዝቅ ብሎ ከመታ ቀስቱ የሚሰካበት ምልክት ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ከፍ ብሎ ከመታ ዝቅ ብሏል። ላባ የሌለው ቀስት አካሄዱ አይታመንም። በግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሚሮጡበት፣ እባካችሁ አትሞክሩት። እኛ ሜዳው አለን፣ ከኋላው የአፈር ግድብ አለን። ፍተሻው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

እናንተ ባትኖሩ ይህ ቤት እስከ ዛሬ አይቆምም ነበር። የተቀየማችሁ ተመለሱ። የዘጌው ወንድማችን የመጀመሪያው ፍተሻ በነጻ ነው፣ የጀልባውንም እኔ እችላለሁ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጅማት አገባቡንና ሰም አቀባቡን ያለ ክፍያ አሳያለሁ። ማግቢያ ገመድ የሌላችሁም ከእኔ ተዋሱ። ስትመጡ ጅማቱን ፈትታችሁ አምጡት፣ አብረን እናገባዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የቤቱ ባለቤት
ባሕር ዳር