አባቱ ግዳጅ ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰላም ለማስከበር ውጭ አገር ስለሚሄዱ ወታደሮች ያወጣችሁትን አስተያየት አነበብኩት። ጸሐፊው አብዛኛውን ቦታ የሰጠው ለዶላር ነው። ማን ስንት አገኘ፣ ማን ቤት ሠራ፣ ማን መኪና ገዛ። ሚስቶች የተነሳነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም «ተመችቷቸው የሚኖሩ» ተብለን። ከተመቻቸው አንዷ እኔ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሁለት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ነው። የት እንደሆነ አልጽፍም። የወታደር ሚስት ሲኮን መጀመሪያ የሚለመደው ይሄ ነው።

የገንዘቡን ነገር አስቀድሜ ልጨርሰው። የተባበሩት መንግሥታት ለአንድ ሰላም አስከባሪ ወታደር በወር የሚከፍለው የታወቀ ሒሳብ አለ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ሲከለስ 1,428 ዶላር ነበር። ሰው ይህን ቁጥር ይሰማና ቀጥታ ወታደሩ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ክፍያው ግን የሚሄደው ወታደሩን ለላከው መንግሥት ነው። ከዚያ ውስጥ ለወታደሩ ስንት ይድረሰው የሚለውን አገሩ ይወስናል። ባለቤቴ የሚያገኘው እዚህ ከሚያገኘው ደመወዝ ይሻላል፣ አልክድም። ችግሩ ወሬው ከገንዘቡ ቀድሞ ሰፈር መድረሱ ነው። በተለይ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ፣ ዶላር የሚል ቃል የሰማ ሁሉ ዓይኑ ይበራል። አከራያችን «አንቺማ ምን አለብሽ» ብሎ ኪራይ ጨምሪ አለኝ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም እንደልብ እንዳይሆን ይደነግጋል። ይህንን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ውሌ ከባልሽ ጋር እንጂ ካንቺ ጋር አይደለም።» እውነትም ውሉ ላይ የፈረመው እሱ ነው። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

እኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ እናት አሉ። አባታቸው ኮሪያ የዘመቱ ናቸው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ሲነሳ በባቡር ጅቡቲ ድረስ፣ ከዚያ ደግሞ በመርከብ ነበር የሄደው። እሳቸው ያኔ ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። እናታቸው ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላቸው ሰው ፍለጋ ይዞሩ እንደነበር ይናገራሉ። ከኮሪያ በኋላ ኮንጎ ተኬደ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ በ2003 አብዬ፣ በ2006 ሶማሊያ። ስለ ዘማቾቹ ብዙ ተጽፏል፤ ይገባቸዋልም። የኮሪያዎቹ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ቤት የቀረችዋ ሚስት እንዴት ልጅ አሳደገች የሚል ጽሑፍ ግን አንብቤ አላውቅም። ካለ ጠቁሙኝ።

ልጄ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። ገና አራስ እያለ አባትየው ሥልጠና ገባ። መዳህ ሲጀምር ተሻገረ። «ወፌ ቆመች» ያልነው እኔና እኚሁ እናት ነን። የሚተካቸው ቅያሪ ጦር ሲዘገይ ደግሞ ልጁ አፉን ፈታ። አሁን መለዮ የለበሰ ሁሉ «አባቢ» ነው። የብሎካችን ጥበቃ አሮጌ የወታደር ጃኬት ስለሚለብስ እሱም አባቢ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ አፍሮ ነበር፣ አሁን ለምዶት «አቤት ልጄ» ይለዋል።

ኢሞ ላይ እናወራለን፤ ኔትወርክ ካለ። ካለም ልጄ ካልዘጋው። ያቺን ቀይ ምልክት ሲያይ አያስችለውም፣ ይጫናታል። አባትየው ገና «የኔ ጌታ» ሲል ድርግም። መልሶ እስኪያገኘን ድረስ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ስንበሳጭ እናመሻለን። ጥፋተኛው መሬት ላይ ተቀምጦ የሽሮ ማሰሮ ክዳን ያንኳኳል።

የተሻለ ያገኘነው በድምፅ መቅዳቱን ነው። ባለቤቴ ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ በቴሌግራም አጫጭር ተረቶች ቀድቶ ይልካል። «ተረት ተረት» ብሎ ዝም ይላል፤ ለልጁ ቦታ ይተውለታል። ልጄ «ላም በሌት!» ይላል በእሱ አማርኛ። ከዚያ ጦጣዋ ትመጣለች። አንዷን ተረት ካልተደጋገመች አይተኛም። ከበስተኋላ የካምፑ ጄኔሬተር ይሰማል። ልጄ ያንን ድምፅ የተረቱ አካል አድርጎት ነው መሰል፣ እኔ ስተርትለት አቋርጦኝ «ዱዱዱዱ በይ» ይለኛል። እላለሁ። ምን አደርጋለሁ?

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በአዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ታዞ ነበር፤ የእኔው አዘጋጅቷል፣ ምስጋና ይገባዋል። ግን ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ፣ ልጅ ታቅፎ፣ ቦርሳና ምሳ ዕቃ ይዞ አውቶቡስ ላይ መንጠልጠል ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሰው ቢኖር አንዱ ቦርሳ ይይዛል። ለጊዜው እኚያው ምድር ቤት ያሉት እናት ናቸው ልጁን የያዙልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የጻፍኩላችሁም ለእሱ ነው።

ልጄን በወለድኩ ሰሞን የልደት ምዝገባ ላስጨርስ ሄድኩ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ የሚያስመዘግበውም አባት ወይም እናት እንደሆኑ ይላል። «ወይም» ነው የሚለው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ግን «አባትየው በአካል ይምጣ» አለችኝ። ሥልጠና ላይ ነው፣ አይወጣም አልኳት። «እንግዲያው ሲመለስ ኑ።» መቼ እንደሚመለስ እኔም አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። 90 ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው። ከኋላዬ ወረፋው ረዝሟል፣ ልጄ ጀርባዬ ላይ ያለቅሳል። ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ያሰበች መስሏት፣ «ካልሆነ የአባት ስሙን ባዶ እንተወው?» አለችኝ።

በእኛ አገር የልጅ ስም ግማሹ የአባቱ ነው። አባቱ በሕይወት አለ፣ በሕግ ተጋብተናል፣ ያለውም መንግሥት በላከው ቦታ ነው። እንዴት ነው ባዶ የሚተወው? መቼም እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ጮህኩ፤ ሰው ዞሮ እስኪያየኝ። ጩኸቱን የሰሙ አንድ በዕድሜ የገፉ ሠራተኛ ከውስጥ ወጡ። የጋብቻ ሰርተፍኬቱን፣ የባለቤቴን መታወቂያ ቅጂና ከሆስፒታል የተሰጠኝን የልደት ማሳወቂያ አገላብጠው አዩ። «ይሄማ ሙሉ ነው» ብለው መዘገቡልኝ። ቡና ተፈልቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ ነገሩ አለቀ። ቢሮውን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምጽፈው። ልጅቷም የነገሯትን ነው የምትሠራው። ግን እኚያ ሰውዬ በዚያ ቀን ፈቃድ ወስደው ቢሆንስ?

ከዚያ በኋላ ባንክ፣ የኪራይ ውል፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ሁሉም ቦታ «ባለቤቱ ይምጣ» ነው። እንዲያው ባለቤት የሚባለው ሰው ሁልጊዜ ቤቱ ተቀምጦ የሚጠራ ይመስላቸዋል።

ስለ ሕመም አንድ ነገር ልበልና ወደ ልመናዬ እሄዳለሁ። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ልጄ እንደ እሳት ነደደብኝ። የዚያን ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ከጀሪካን ቀድቼ በጨርቅ ገላውን አበስኩት። ሽሮፑን ሰጠሁት፣ መልሶ ተፋው። በስልክ የጠራሁት መኪና የምንኖርበትን ሰፈር ሲሰማ ተወው። በመጨረሻ አባቢ፣ ጥበቃውን ማለቴ ነው፣ ከጎረቤት ብሎክ አንድ ባለ ባጃጅ ቀስቅሶ አመጣልኝ። ልጁ ባጃጅ ውስጥ ንፋስ ነካውና ተኛ። ክሊኒክ ስንደርስ ነቅቶ ብስኩት ጠየቀ። እኔ ግን እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ጠዋት ላይ ለባለቤቴ ልንገረው ወይስ አልንገረው? ቆየት ያሉ የወታደር ሚስቶች ምክራቸው አንድ ነው፤ «አትንገሪው፣ ልቡ ይከፈላል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ልቡ መከፈል የለበትም።» እንዲህ እያሉ ስንቱን ተሸክመው እንደኖሩ ሳስብ ያሳዝኑኛል። እኔ እነግረዋለሁ። ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ነው የምነግረው፣ ግን እነግረዋለሁ። ካልነገርኩት እኮ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ እንግዳ ነው የሚሆነው። ስለ ጥርስ፣ ስለ ትኩሳት፣ ልጁ ምን እንደሚጠላ የማያውቅ እንግዳ።

እንግድነቱ ቀልድ አይደለም። ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ጊዜ ልጄ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገ። አባቱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ልጄ ስልኬን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመና «አባቢ! አባቢ!» እያለ ስልኩን መጥራት ጀመረ። ባለቤቴ «እኔ እኮ ነኝ» አለው። ልጁ ዞር ብሎ አየውና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ማታ ደግሞ አልጋችን ላይ ሲያየው «ይሂድ» ብሎ አለቀሰ። ምድር ቤት ያሉት እናት ይህን ሲሰሙ ሳቁ። እሳቸውም አባታቸው ከኮሪያ ሲመለሱ «ይህ ሰውዬ ማነው?» ብለው እንዳለቀሱ ነው የሚነገራቸው። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ደረጃ ላይ ወጥቶ ብዙ ተቀመጠ። ያስታረቃቸው ዳቦ ነው። ጠዋት ጠዋት አብረው ወርደው ዳቦ መግዛት ጀመሩ፤ ልጁ አንዱን ዳቦ መንገድ ላይ እንዲገምጥ ስለተፈቀደለት ሰውየውን ወደደው። እኔ ዳቦ መንገድ ላይ አላስበላም ነበር። ሊላመዱ ሲሉ ፈቃዱ አለቀ።

ልመናዬ ይህ ነው። ወታደሩ ከመሄዱ በፊት ሥልጠና ይሰጠዋል። ስለ ፈንጂ ይማራል፣ ስለ ሥነ ምግባር ይማራል፣ ስለሚሄድበት አገር ባህል ይማራል። ከዚያ ላይ ግማሽ ቀን ለቤቱ ጉዳይ ይጨመርለት። ሚስቱም ትጠራ። ውክልና የሚያረጋግጥ ሠራተኛ እዚያው ካምፕ ድረስ ቢመጣላቸው ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር። ከሄደ በኋላ ውክልና ማምጣት እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ካምፕ ያለ ወታደር ኤምባሲ ብድግ ብሎ አይሄድም።

እናንተም የሕግ አምድ አላችሁ። እስኪ ባለሙያው ስለ ውክልና በሚገባን ቋንቋ ይጻፍልን። እኛ ዘግይተን ነው የተረዳነው። «ጠቅላላ ውክልና» የሚለውን ይዞ ሁሉም ነገር የተፈታ የሚመስለው ብዙ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያየው። ቤት መሸጥን ለመሰለው ነገር ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ሥልጣኑ በግልጽ መጻፍ አለበት። እኛ ባለቤቴ ፈቃድ በወጣ ጊዜ መጀመሪያ የሄድነው ሰነዶች ማረጋገጫ ነው። የኪራይ ውል መፈራረም፣ ባንክ ማንቀሳቀስ፣ የልጁን ጉዳይ በየቢሮው ማስፈጸም፣ አንድ በአንድ አስጻፍነው። አከራያችን አሁን ውሉን ከእኔ ጋር ነው የሚነጋገረው። ፊቱን ግን አልፈታም።

ከጎናችን ብሎክ አንዲት ነፍሰ ጡር አለች። የባሏ ስም ወጥቷል፣ ሊሄድ ነው። የጋብቻ ሰርተፍኬቱንና የባሏን መታወቂያ ቅጂ በአንድ ፋይል እንድታደርግ ነግሬያታለሁ። ባሏ ደግሞ ከመሄዱ በፊት ተረት እንዲቀዳ። እሱ ተረት አላውቅም ብሏል፤ እንግዲህ የሚያውቀውን ይቅዳ። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ገና አልሄዱም። ውክልና ሰጪው በአካል መቅረብ አለበትና ስምሪቱ ሳይደርስ ይሂዱ። ማልደው ቢሄዱ ይሻላቸዋል፣ ከረፈደ ወረፋው አይቻልም።

የወታደር ሚስት ነኝ፤
ከኮዬ ፈጬ