ከየትኛው ክፍል እንጀምር?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደኅና ናቸው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታህን እለምናለሁ፤ አንተም ያው እንደኔ ዝም ብለሃልና በደሉን እኩል ተካፍለን እንለፈው። የጻፍኩልህ ናፍቆት ብቻ አስገድዶኝ ነው ብልህ አታምነኝም፤ ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የጫማ ፋብሪካችን ክፍሎቹን ሁሉ በአንድ የመረጃ ሥርዓት ለማስተሳሰር ወስኗል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም እኔ ሆኛለሁ። ኮሜርስ ሳለን ከኮምፒውተር ክፍል ለመቅረት ሰበብ ስፈልግ የምታውቀኝ ሰው ስለሆንክ አሁን መሳቅህን አልጠራጠርም።

እኔ ያለሁበት ሒሳብ ክፍል ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ መጋዘኑ በቢን ካርድ፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ፣ ሽያጩ በኤክሴል ይሠራል። ሽያጭ አንዱን ጫማ በሞዴል፣ በቀለምና ከ37 እስከ 45 በቁጥር ለይቶ ሲመዘግብ፣ መጋዘኑ ያንኑ ጫማ በሞዴልና በካርቶን ብቻ ይመዘግበዋል። በዚህም የተነሳ ደንበኛ ጥቁር 42 ሲጠይቅ ሽያጭ «አለ» ይላል፤ መጋዘኑ ካርቶኑን ሲከፍት 39 ያገኛል፤ ምርት ክፍል ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን 39 ሲሰፋ ይሰነብታል። ግዢ ክፍል ሶል ማለቁን የሚሰማው ሰፊዎቹ ሥራ ሲፈቱ ነው። ትእዛዝ አንድ ጊዜ ሲገባ መጋዘኑ ዕቃውን እንዲይዝ፣ ምርት የጎደለውን እንዲያውቅ፣ ግዢ ቆዳውንና ሶሉን አስቀድሞ እንዲያዝ፣ ለእኛም ሽያጩ ከነ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ተመዝግቦ እንዲደርሰን የሚያደርግ ሥርዓት እንደሚያስፈልገን አልከራከርም። ነገር ግን ያ ጫማ በሁሉም ክፍል ዘንድ አንድ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ደግሞ ሥርዓቱን የሚሸጡልን ሰዎች አያደርጉልንም።

ደመወዙ እንኳ ቀላል ነው፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ማስላት የማይችል ፕሮግራም የለም። አስቸጋሪው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ስለሆነ፣ ወራቱን ሁሉ በፈረንጅ የሚቆጥር ፕሮግራም አይሆነንም። ጳጉሜን የት እንደሚያስገባት አንዱን ሻጭ ብጠይቀው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን በውሉ ረቂቅ ላይ አልተጻፈም።

እንቅልፍ የነሳኝ ጉዳይ ይህ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሥርዓቱ ሐምሌ 1 በሁሉም ክፍሎች በአንድ ጊዜ እንዲጀመር ይፈልጋሉ። ለሒሳብ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ሰኔ 30 መዝገቡ ይዘጋል፣ ቆጠራው ያልቃል፣ የመነሻ ሒሳቡም ንጹሕ ሆኖ ይገባል። ለሽያጭ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነጋዴው ለእንቁጣጣሽና ለትምህርት ቤት መክፈቻ ጫማ የሚጭንባቸው ወራት ናቸው። የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ሄርሺ እ.ኤ.አ. በ1999፣ 112 ሚሊዮን ዶላር ያወጣበትን ሥርዓት የሃሎዊን ትእዛዝ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ በጁላይ፣ በአንድ ጊዜ ሥራ አስጀምሮ፣ ቸኮሌቱ መጋዘን ተቀምጦ ሳለ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትእዛዝ ማድረስ እንዳቃተው ለኮሚቴው አስረዳሁ። ሥራ አስኪያጁ «እኛ ቸኮሌት አንሸጥም» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

የእኔ ሐሳብ መጋዘኑና ሽያጩ ገበያው በሚቀዘቅዝበት በጥር እንዲጀምሩ፣ ሒሳቡ ሐምሌ 1 እንዲከተል ነው። ይህ ማለት ግን የእኔ የሒሳብ ክፍል ልጆች እስከ ሰኔ ድረስ የመጋዘኑን እንቅስቃሴ ከአዲሱ ሥርዓት እያወጡ ወደ ፒችትሪ በእጅ ሊያስገቡ ነው፤ ከወዲሁ ማጉረምረም ጀምረዋል፤ አልፈርድባቸውም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካውን ትርፍና ኪሳራ የሚሰሙት ከእኔ አፍ ነው፤ ሥርዓቱ ሲገባ ግን ማለዳ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ሒሳብ ክፍሉ በመጨረሻ ይግባ ስል ምን ያህሉ ለገበያው፣ ምን ያህሉ ለወንበሬ እንደ ሆነ ለራሴም አይለይልኝም። ይህን ለኮሚቴው መናገር አልችልም፤ አንተ ግን ስትፈርድ ብታውቀው ይሻላል።

እንግዲህ... እንዴት ብዬ እንደምጠይቅህ አላውቅም። አንተ ይህን ሥራ እየሠራህ የኖርክ ሰው ነህና የውሉን ረቂቅ ልላክልህ? በተለይ የድሮውን መረጃ ወደ አዲሱ ሥርዓት የማዛወሩን ሥራ ማን እንደሚሸከም የሚናገረውን አንቀጽ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ፤ ለእኔ ሆን ተብሎ የደበዘዘ ይመስለኛል። ስለ ክፍያ ላንሳ ብዬ አስቤ ትቆጣለህ ብዬ ተውኩት፤ ካልተቆጣህ ግን ንገረኝ፣ ኮሚቴው ለአማካሪ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አለው።

ስብሰባው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት፣ ቢመሽም እንኳ፣ ደውልልኝ፤ ጥር ያዋጣል ወይስ እንደ ሥራ አስኪያጁ ሐምሌን ልቀበል የሚለውን ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኛል።

ወንድምህ