«ሆዴ የግሌ ነው» ብዬህ ነበር

ወዳጄ፣ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ።

ሦስት ዓመት ዘግቼህ ድንገት ስጽፍ ልበደርህ የመጣሁ ሊመስልህ ይችላል። አይደለም፤ ዕዳዬን ልከፍል ነው። «ልጅ ከመውለድህ በፊት ይህን ሆድ ቀንስ» ብትለኝ፣ «ሆዴ የግሌ ነው» ብዬህ ብድግ ብዬ ወጣሁ። ኩርፊያዬ ከዚያ ቀን ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ ወለድን፤ ሁለት ዓመት ሆናት። ይህን እንኳ አለመንገሬ ያሳፍረኛል።

አሁን ሁለተኛ ልጅ አስበን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ጥያቄው ሁሉ ለባለቤቴ ነበር፤ ምን ትበያለሽ፣ ክብደትሽ ስንት ነው፣ ስኳርሽን ተለክተሻል? እኔ ወንበር ሳሞቅ ቆይቼ ወጣሁ፤ ሚዛን ላይ ውጣ ያለኝ የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬ የጠፋው ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ነው።

አባት ዘረመሉን አውርሶ ነገሩ ያበቃል ብዬ አምን ነበር። ለካ በዲኤንኤው ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ኬሚካላዊ ምልክቶችም አሉ፤ የትኛው ዘረመል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለውን የሚወስኑ። ኤፒጄኔቲክስ የሚሉት ይህንን ነው። «አለ» የሚለውን ቃል አስበው፤ ሲላላ መናገር፣ ሲጠብቅ መኖር ይሆናል፤ ፊደሉ ግን ያው ነው። ውፍረት ይህን ማጥበቅና ማላላት በወንዱ ዘር ላይ ሳይቀር ይነካካል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ሲድኒ ውስጥ ተመራማሪዎች ወንድ አይጦችን ቅባት በበዛበት ምግብ አወፈሩ። እናቶቹ ጤነኞች ነበሩ። ሴት ልጆቻቸው ግን ቆሽታቸው በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት አቃተው። ሴት ልጆቻቸው! እዚህ ላይ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ልጄ ወደተኛችበት ክፍል ሄድኩ።

አይጥ ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ያለው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ79 ሕፃናትን የእትብት ደም መርምረው፣ የወፍራም አባቶች ልጆች ከዕድገት ጋር በተያያዘ አንድ ዘረመል ላይ ምልክቶቹ ሳስተው አገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ልጆቹ ይታመማሉም አይልም። ቢሆንም ልጄ «ጨምሩልኝ» ባለች ቁጥር ትክ ብዬ አያታለሁ፤ ምስኪን፣ የተራበች ልጅ ብቻ ትሆናለች።

የያዝኩት ተስፋ ከኮፐንሃገን የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ክብደት ለመቀነስ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ስድስት ወንዶች ዘር ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ሲታይ፣ ምልክቶቹ ተለዋውጠው ተገኙ፤ በተለይ የምግብ ፍላጎትን በሚቆጣጠሩት ዘረመሎች ላይ። ደግሞም የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ዛሬ የምበላው የዚያን ጊዜውን ዘር ይነካል ማለት ነው።

ስለዚህ በየማለዳው እራመዳለሁ። ያን ቡናማ ቀበቶዬን ታስታውሰዋለህ? ጫፉ ላይ በምስማር የበሳኋትን ቀዳዳ ትቼ ወደ ሁለተኛው ተመልሻለሁ። ባለቤቴን ሦስት ወር እንድትታገሰኝ ብለምናት ሳቀች፤ «ይሁን፣ ዘጠኙን እኔ ስለማረግዝ ሦስቱን አንተ አርግዝ» አለችኝ።

አንድ ወር ከሳምንት ይዣለሁ። መጥተህ ልጄን እያት፤ በዚያውም አብረን እንራመዳለን።