ለአባቴ፣ ስለ መጨረሻው ምዕራፍ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በጎረቤት እጅ የላኩት የመጽሐፍዎ ረቂቅ በሰላም ደርሶኛል፤ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እየተየብኩት ነው። የቦሩ ሜዳው ምዕራፍ አልቋል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የተደረገውን የሃይማኖት ክርክርና ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል የተባሉበትን ሁኔታ ከተረኩ በኋላ፣ እምነታችንን አንለውጥም ብለው የተነሡትን እነ ሼህ ጦልሃንም በእኩል ዓይን ማየትዎ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎቻችን አንዱን ወገን ብቻ ይዘው ያልፋሉ።

የሰገሌውን ጦርነት ምዕራፍ ለማንበብ ግን ተቸግሬያለሁ። የእጅ ጽሕፈትዎ መስመር እየሳተ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ወጥቷል። ጠብታውን በሰዓቱ እያደረጉ ነውን? ሐኪሙ በፊቴ እንደነገረዎት፣ ግላኮማ የወሰደውን ብርሃን የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ጠብታው የሚጠብቀው የቀረውን ነው። እህቴ በስልክ ስትጠይቅዎ «አደርጋለሁ» እንደሚሏት አውቃለሁ፤ ብልቃጡ ግን ከገና ወዲህ እንዳልተቀየረም ሰምቻለሁ።

ትልቋ የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ስለሆነች ቤቱ ሁሉ በእሷ ጥናት ተይዟል። የአያቷን መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ይዛ ገብታ ለመምህሯ ስላሳየች፣ አሁን መምህሯ እርስዎን በስልክ ማነጋገር ይፈልጋል። ትንሹ ከኳስ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ባለፈው ሳምንት የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወርውረንለታል። ስለ እነሱ ገና ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን የመጣሁበትን ጉዳይ ማዘግየት ይሆንብኛል።

የመጨረሻውን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማለቂያ ደሴ በጦርነት ተይዛ የቆየችበትን ጊዜ እንደ ድሮው ሪፖርተር ቀን በቀን መዝግበውታል። ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሙዚየሙ ሲዘረፍ፣ ስልክና መብራት ሲቋረጥ፣ ሁሉም አለበት። ስለ ፋርማሲዎቹ ባዶ መቅረት አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል። ኢንሱሊን አልቆባት ስለሞተችው ሚስትዎ ግን አንድ መስመር የለም። ገጽ ጎድሎ ይሆናል ብዬ ረቂቁን ደግሜ ቆጠርኩት፤ አልጎደለም።

አባዬ፣ እስከ ዛሬ ያልጠየቅኩዎትን ልጠይቅዎ። አጎቴ መኪና ይዞ በር ላይ በቆመበት ሌሊት «የወረቀት ሳጥኖቼን ጥዬ አልሄድም» ሲሉ፣ እማዬ እርስዎን ጥላ እንደማትሄድ አያውቁም ነበርን? የስኳር በሽተኛ መሆኗን፣ መድኃኒቷም ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልግ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ አያውቁም ነበርን? እኔ ሞቷን የሰማሁት ተቀብራ ከሰነበተች በኋላ፣ መንገዱ ተከፍቶ ሰው ሲመጣ ነው። ለቅሶ ላይ ስንገናኝም ያወሩኝ ስለ ሳጥኖቹ መትረፍ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ አይገባኝም ማለቴ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወጣት ሪፖርተር ሳሉ፣ በወልዲያና በደሴ አውራ ጎዳና ዳር የወደቀውን ረኃብተኛ አይተው የጻፉት ዜና ከአለቃ መሳቢያ ሳይወጣ ቀረ፤ ግልባጭም አላስቀሩም ነበር። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች ስድስት ኪሎ ላይ ሲያሳዩ፣ እርስዎ ከተመልካቹ መካከል ቆመው በገዛ ዜናዎ ማፈርዎን ስንት ጊዜ ነግረውናል። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሚባል ነገር ከእጅዎ ወጥቶ አያውቅም። በደርግ ዘመን ሳንሱር የሰረዘብዎትን አንቀጽ ሁሉ በሌላ ደብተር እየገለበጡ አኖሩ፤ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር ቤታችን ዶሮ የታረደው ለዚህ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። (ዶሮውን የሠራችው እማዬ ናት፤ የመጀመሪያ መጽሐፍዎ ማተሚያ ቤት ሲገባም ለወረቀት መግዣ የሸጠችው የራሷን የአንገት ወርቅ ነው፤ መግቢያው ላይ ይህም የለም።) ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ኅዳር በመጣ ቁጥር የሚታየኝ ያ የሳጥን ክምር ነው።

ምናልባት የራስን ቤት ሐዘን በታሪክ መጽሐፍ ማስገባት ነውር መስሎዎት ይሆናል። ነገር ግን ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ የሞቱትን ሲጽፉ፣ የእናትዎን አክስት ከእነ ስማቸውና ከእነ ሰፈራቸው አንስተዋል። ያኔ ነውር ያልሆነው አሁን በምን ነውር ሆነ? ደግሞም ለመጽሐፍዎ የሚሆነው ዋናው ነገር እዚያ ነበር። ጎረቤታችን እንደነገሩኝ፣ ወንዱ ሁሉ ከመንደሩ ሸሽቶ ስለነበር የእማዬን አስከሬን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ የተሸከሙት የቀሩት ሙስሊም ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ በተራ እያደሩ ዱዓ አድርገውላታል። ስለ ወሎ ሕዝብ አብሮ መኖር ሦስት ምዕራፍ የጻፉ ሰው፣ በገዛ ደጃቸው የሆነውን እንዴት ይዘሉታል?

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን እመጣለሁ። እርስዎ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ዓይንዎን ማድከም የለብዎትም። መድኃኒቱ መቼ እንዳለቀ፣ ፍለጋ ወደ ማን ዘንድ እንደሄዱና ምን እንዳሏችሁ፣ እሷስ በመጨረሻ ምን እንዳለች ይንገሩኝ። ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም። መናገር ከከበደዎት ቀኑንና ቦታውን ብቻ ይንገሩኝ።

እስከዚያው ሳጥኖቹን ክረምቱ ሳይደርስባቸው ከወለሉ ላይ ያስነሡልኝ፤ ባለፈው ዓመት የታችኛው ረድፍ ረጥቦ ነበር። የሽማግሌዎቹ ድምፅ ያለባቸውን ካሴቶች ለብቻ ያስቀምጡልኝ፤ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ሰው እዚህ አግኝቻለሁ። አዲስ የጠብታ ብልቃጥ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ፤ ማታ ከመተኛትዎ በፊት በእያንዳንዱ ዓይን አንድ አንድ ጠብታ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ትየባ እስክንገናኝ ድረስ አቁሜዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ