ቢጫዎቹ ወፎች ሳይሄዱ

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ሰው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል የሚሄደው ለዓሣውና ለትልልቆቹ አሞራዎች ነው። እኔ ግን ስለ ትንንሾቹ ልጽፍላችሁ ወደድኩ። እሑድ ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ቄጠማው ጥግ ቁጭ ብዬ ቢጫ ወፎች ሳይ አረፈድኩ። ፈረንጆቹ የሎው ዋግቴል ይሏቸዋል። ጅራታቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት ይለቅማሉ። ኅዳር ላይ ሳያቸው ደብዘዝ ያሉ ነበሩ። አሁን መጋቢት ላይ ወንዶቹ ላባ ቀይረው ደረታቸው እንደ አደይ አበባ ቦግ ብሏል። እንዲህ ሲያምሩ ሊሄዱ ነው ማለት ነው። አውሮፓና እስያ ጸደይ ሲገባ ለመራባት ወደዚያ ይበራሉ።

አንዷ ብትመዝን 20 ግራም ገደማ ናት። በረሃ የምትሻገረው በሰውነቷ ባጠራቀመችው ስብ ነው። ስንቋን የምትሰንቀው እንዲህ ካለ ሐይቅ ዳር፣ ከሣሩና ከቄጠማው ነፍሳት ነው። ለዚህ ነው ቄጠማው ሙልጭ ተደርጎ ሲታጨድ ሆዴ የሚባባው። አጫጆቹ እንጀራቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ግን ጥቂት ቦታ ሳይነካ ቢቆይስ?

ልጆች ያላችሁ፣ ማልዳችሁ ይዛችኋቸው ኑ። መነጽር አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ